የድንቡሼ ናሙና

“በል እንጂ የኔ ጌታ፣ ትንሽ ብቻ። የባቄላ ፍሬ የምታክል ትበቃናለች።”

ሹፌሩ በሕፃናት ክሊኒኩ ጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ተንበርክኮ፣ ልጁን ፖፖ ላይ እንዳስቀመጠ ይለማመጠዋል። በአንድ እጁ የልጁን ጀርባ ደግፏል፤ በሌላው ከላቦራቶሪ የተሰጠውን ባለክዳን ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ጨብጧል። ከንጋት ጀምሮ ዳይፐር በዳይፐር ላይ ያስለወጠ ሆድ አሁን ሲለመን ጊዜ ኮራ። ልጁ ያምጣል፤ ፊቱ ይቀላል፤ ደም የነካካት የንፍጥ ጠብታ ትወርድና ከሽንቱ ጋር ተቀላቅላ ትጠፋለች። ከዚያ ልቅሶ።

“ካካ እምቢ አለ፣” አለ ልጁ እያለቀሰ።

“እምቢ ካለ ሽማግሌ እንልክበታለን።”

በሩ ተንኳኳና ወፍራሟ ነርስ አንገቷን ብቅ አደረገች።

“ምነው፣ አሁንም የለም?”

“ይመጣል ሲስተር። ትንሽ ጊዜ ስጪን።”

“ጊዜ የምሰጠው እኔ አይደለሁም፤ ልጁ ነው። ዓይኑን አላየኸውም እንዴ? ቆይ፣ እኔ በጥጥ ልውሰድለት።” ከኪሷ አንድ እሽግ ቀጭን ዘንግ አውጥታ አሳየችው፤ ጫፉ ላይ ጥጥ ተጠቅልሎበታል። “ከፊንጢጣው ትንሽ ገባ አድርጎ፣ አዙሮ ማውጣት ነው። ስሙን ጠርተህ ሳትጨርስ ያልቃል።”

“ልጄን እንደዚያ አትነኪውም።”

“እኔ እኮ ስንቱን ሕፃን…”

“ስንቱን ይሁን። የኔን አይሆንም አልኩ።”

ነርሷ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ሄደች። ብዙ አባት አይታለች፤ ግትሩንም፣ ፈሪውንም። ይህንን ከግትሮቹ ወገን መደበችው። ሹፌሩ ለእሷ የነገራት ምክንያት የልጁ ክብር ነበር። እውነተኛው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለራሱም ቢሆን ደፍሮ አልነገረውም።

ሹፌሩ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። ከልጁ እናት ጋር የተለያዩት ልጁ ድክ ድክ ማለት ሳይጀምር ነው። ጥፋቱ የማን እንደነበር ሁለቱም ደጋግመው ተናግረው ተናግረው ሲሰለቻቸው ትተውታል። ለልጁ ድንቡሼ የሚለውን ስም ያወጣለት እሱ ራሱ ነው፤ ሲወለድ ጉንጩም ጭኑም እንደ ሊጥ ኩፍ ያለ ነበርና። ለአባትነቱ ማስረጃ አድርጎ የያዘው ይህችን ስም ነው ማለት ይቻላል።

እናትየው ውላ አድራ አንድ አናጺ አገባች። ሹፌሩ ወሬውን ሲሰማ፣ “እንግዲህ ቁም ሣጥን በነፃ አገኘች፣” ብሎ በጓደኞቹ ፊት ቀልዶ ነበር። ቀልዱ ግን ከቀን ወደ ቀን እየመረረው ሄደ። አናጺው ለድንቡሼ አልጋ ሠራለት። ወንበር ሠራለት። እጁን ሲታጠብ የሚቆምባት መረገጫ ሳይቀር ሠራለት። ሹፌሩ ቤት ልጁ ቀን ሲውል የሚያሸልበው ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ አጠራሩ ነበር። ልጁ አፉን ሲፈታ አናጺውን “አባዬ” አለው። የወለደውን ደግሞ “አባዬ ባስ።” የሰማ ሁሉ ይስቃል፤ ሹፌሩም አብሮ ይስቃል፤ አንጀቱ ግን ያራል። የሰውየው አባዬነት ብቻውን ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ የእሱ ካልተደገፈ የማይቆም ሆነ። እሱም በበኩሉ ለአናጺው ስም አወጣለት፦ ሙጫው። ልብሱ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ ስለሚሸት ብቻ አይደለም፤ ልጁ ስለተጣበቀበትም ነው።

በዚህ ሳምንት ግን ዕድል ወደ እሱ ዞረች። የልጁ አያት ታመሙና እናትየውና ሙጫው እሳቸውን ለማስታመም ሲሄዱ፣ ድንቡሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ሹፌሩ ዘንድ እንዲያድር ተፈቀደ። ሐሙስ ማለዳ እናትየው የልጁን ቦርሳ ስታቀብለው እንዲህ አለችው፦

“ለሙከራ ነው። አንድ ነገር ቢሆን ግን ማደር የሚባል ነገር አከተመ። ኋላ አልነገርሽኝም እንዳትል።”

እሁድ ሲነጋ ዳይፐሩ ውስጥ ደም አየ።

ለእናትየው የደወለላት ክሊኒክ ከደረሰ በኋላ ነው። ሐኪሟ ልጁን አይታ፣ ሆዱን ዳስሳ፣ የሰገራ ምርመራ አዘዘች። ነገሩ የተጠነሰሰው ታዲያ ላቦራቶሪው በር ላይ ነበር። እዚያ የሚሠራው መነጽራም ወጣት ወሬ ይወዳል። ሹፌሩ፣ “በጥጥ መውሰድና በዕቃ መውሰድ ምን ልዩነት አለው?” ብሎ ሲጠይቀው፣ ጠያቂ ያጣ ሰው ይመስል በደስታ ያስረዳው ጀመር።

“በጥጥ የመጣልኝን አሳድገዋለሁ። ባክቴሪያ ካለ በሁለት ቀን ውስጥ ይበቅልና መልኩን ያሳየኛል። ጥሩነቱ ደግሞ ልጁ እስኪቀመጥ አይጠበቅም። አሜባና ጃርዲያ፣ ወይም የትል እንቁላል ከሆነ ግን በማይክሮስኮፕ የማየው በርከት ያለ ሰገራ ያስፈልገኛል። በጥጥ ጫፍ የምትመጣው አታወላዳም።”

“ጃርዲያ ከምን ነው የሚመጣው?”

“አብዛኛውን ጊዜ ከውሃ። ካልተከደነ ታንከር፣ ካልፈላ ውሃ…”

“ከገባ በኋላ ሳይታወቅ ስንት ጊዜ ይቆያል?”

“ሳምንት። ሁለት ሳምንትም ይቆያል።”

ሁለት ሳምንት! ሹፌሩ ዓይኑ በራ። በሙጫው ጣሪያ ላይ ያለው ጥቁር ታንከር ወለል ብሎ ታየው፤ ክዳኑ ተንጋዶ፣ ርግብ አፉ ላይ ቆማ። ልጁን ለመውሰድ በሄደ ቁጥር ያየዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት ድንቡሼ የጠጣው የማን ቤት ውሃ ነው? ያን ሁሉ አልጋና ወንበር የሠራ ሰው አንድ ክዳን መግጠም አቃተው! ማይክሮስኮፑ ጃርዲያን ቢያገኝ ነገሩ ያልቅ ነበር። እናትየውም በገዛ ጆሮዋ ትሰማው ነበር። ስለዚህ ጥጡ አይሆንም። ጥጡ ጃርዲያን አያይም። ዕቃው መሙላት አለበት።

ለልጁ ክብር ተብሎ የተነገረው ሁሉ እንግዲህ ይኸው ነበር።

ፖፖው አልሆን ሲል ሹፌሩ ዘዴ መጣለት። ንጋት ላይ የለወጠው ዳይፐር በፌስታል ተጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ አለ። ልጁን ትከሻው ላይ አስተኝቶ ወደ ላቦራቶሪው ገሰገሰ።

“ይኸውልህ። ሙሉ ነው። ከዚህ የምትፈልገውን ያህል ጨልፍ።”

ወጣቱ ፌስታሉን ከፈት አድርጎ ወዲያው ዘጋው። “ይሄ ከመቼ ነው ወንድሜ?”

“ከንጋት።”

“ዳይፐር ውሃውን ይመጠዋል። የቀረው ደግሞ ከሽንት ጋር ተለውሶ ደርቋል። አሜባ ቢኖርበት እንኳ እስካሁን ሞቶ ተቀብሯል።”

“ሬሳውንም ቢሆን ፈልግልኝ።”

“እኔ ሬሳ አልመረምርም፣” አለ ወጣቱ እየሳቀ። ከዚያ የልጁን ፊት አየና ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። “ለምን በጥጥ አይወሰድለትም? ሁለቱንም እኮ ማድረግ ይቻላል። ጥጡ አሁን ይሁን፣ ሌላው ሲመጣ ይመጣል።”

“እንጠብቃለን።”

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጡ። ነርሷ የጨውና የስኳር ውህድ በኩባያ ሰጥታው ነበር፤ በማንኪያ ይሰጠዋል፤ ልጁ አንዱን ይውጣል፣ ሁለቱን ይተፋል። ከዚያ ያለቅሳል። ሲያለቅስ ግን እንባ የለም። ሹፌሩ ይህንን አየ። ጉንጩን በጣቱ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነበር። ወደ ነርሷ ክፍል ለመሄድ ብድግ አለና እግሩ መንገድ ሳይጀምር ቆመ። እናትየው መንገድ ላይ ነች፤ አሁን ደርሳ ሁሉን ትሰማለች። ትንሽ ቢታገሥ፣ አንዴ ብቻ ልጁ ቢቀመጥ። “አንዴ ብቻ፣” አለ ለራሱና መልሶ ተቀመጠ።

የእናትየው ጫማ በኮሪደሩ ወለል ላይ ሲንቋቋ የሰማው ገና እንደተቀመጠ ነው።

“ምን አበላኸው?” አለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

“ምንም። ከቤት ምግብ በቀር ምንም።” መልሱ ጥያቄውን የቀደመ ያህል ፈጠነ።

ሙጫው ከኋላዋ ሻንጣ አንጠልጥሎ ይከተላል። አማቱን ለመጠየቅ የለበሰው አዲስ ግራጫ ሱሪ በመንገድ ተጨማድዷል። ድንቡሼ ድምፃቸውን ሲሰማ ራሱን ከሹፌሩ ትከሻ ቀና አደረገና እጆቹን ዘረጋ። እናትየው ለእሷ መስሏት እጇን ሰደደች። የልጁ ዓይን ግን እሷን አልፎ ሄደ።

“አባዬ፣” አለ።

ሻንጣው መሬት ተቀመጠ። ሙጫው እጁን ዘርግቶ ቀረበ። ሹፌሩ ግን ልጁን አልለቀቀም፤ እንዲያውም አጥብቆ ያዘው።

“እኔ ጋ ይሁን። ደክሞታል፤ አታንገላቱት።”

“እሺ፣ እሺ። ይረፍ፣” አለ ሙጫውና የዘረጋውን እጅ ቀስ ብሎ ሰበሰበ።

ሹፌሩን ከሁሉ በላይ የሚያበግነው ይኸው ጨዋነቱ ነው። ቢሰድበው፣ ቢገፈትረው ደስ ባለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል ተናግሮት ቢሆን በዚያች ቃል ላይ ስንት ጥላቻ ይገነባባት ነበር! ሰውየው ግን ለጠብ የሚሆን አንዲት ሳንቃ እንኳ አያቀብልም።

ሐኪሟ ከክፍሏ ወጣች። “የዚህ ልጅ ናሙና የታለ?”

“አባትየው አልፈቀደም ዶክተር፣” አለች ነርሷ። “ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅን ነው።”

እናትየው ወደ ሹፌሩ ዞረች። “ምኑን ነው ያልፈቀድከው?”

“ጥጡን ነዋ። ምርመራው የተሟላ እንዲሆን ብዬ ነው። ጥጡ ሁሉን አያሳይም።”

“እሱ ልክ ነው፤ ሁሉን አያሳይም፣” አለች ሐኪሟ። “ግን ደም ያለው ተቅማጥ ነው። ጥጡ እኔ ቀድሜ የምጠረጥረውን ያሳየኛል። መድኃኒቱን የምጀምረው ደግሞ ናሙናው ከተወሰደ በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ከሰጠሁት የሚበቅል ነገር ላይኖር ይችላል። ልጁ እስኪቀመጥ ስትጠብቁ እየደረቀ ነው። አሁን ግሉኮስ ይተከልለታል፤ ጥጡም አሁን ይወሰዳል። ማን ይይዝልናል?”

“እኔ፣” አለ ሹፌሩ፤ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው።

ነርሷ የምርመራ አልጋው ላይ ፕላስቲክ አነጠፈች። ሹፌሩ ጫፉ ላይ ተቀምጦ ልጁን በጎኑ ጭኑ ላይ አስተኛው፤ ጉልበቶቹንም እንደታዘዘው ወደ ሆዱ አጠፋቸው። ትልቅ መሪ ማዞር የለመዱ እጆች ናቸው። ልጁ ነርሷን ባየ ጊዜ እንደ እንጨት ደረቀና ጮኸ።

“አባዬ! አባዬ!”

“አለሁ የኔ ጌታ፣ እዚሁ ነኝ።”

ልጁ ግን የሹፌሩን ትከሻ አሻግሮ በሩን ነበር የሚያየው።

“አላላው እንጂ፣ አትጭመቀው። ሲጨመቅ ይቆልፋል፣” አለች ነርሷ።

“ካልያዝኩት ይወራጫል።”

“ይወራጭ። እኔ እችለዋለሁ።”

ማላላት አልቻለም። ካላላው የሚያመልጠው መሰለው፤ ከነርሷ ሳይሆን ከእሱ። ነርሷ እንደምንም አስገብታ፣ አዙራ፣ አወጣችና ዘንጓን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየቻት። ጥጡ እንደገባ ነጭ ሆኖ ወጥቷል።

“ባዶ ነው። ቀለም ካልያዘ ላቦራቶሪም አይቀበለኝም። እንደገና ነው።”

“እንደገና?” አለች እናትየው፤ እንባዋ መጣ።

“ምን ላድርግ የኔ እመቤት፣ ልጁ ፈርቶ ዘጋ።” ነርሷ አዲስ እሽግ ቀደደች። ልጁ አሁንም አባዬ፣ አባዬ እያለ ይጮኻል። ግራ ገብቷት ሹፌሩን አየችው። “አባቱ አንተ አይደለህም እንዴ? ታዲያ ማንን ነው የሚጠራው?”

እናትየው ወለሉን አየች። ሙጫው በሩ ጋ እንደቆመ የሻንጣውን እጀታ ያፍተለትላል፤ አንድም እርምጃ ወደፊት አላለም። የሚመልስ ቢኖር ሹፌሩ ብቻ ነበር። ልጁ በእቅፉ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ እንደ ወፍ ልብ ስትመታ በእጁ መዳፍ ይሰማዋል።

“እሱን ነው፣” አለ በአገጩ ወደ በሩ እያመለከተ። “ና፣ ያዘው።”

ሙጫው ገባ። ሹፌሩ ከተነሣበት ቦታ ተቀመጠና ልጁን ተቀበለው። መጀመሪያ መዳፎቹን አፋትጎ አሞቃቸው። አይዞህ አላለውም፤ አትፍራም አላለውም።

“ድንቡሼ፣ ሥራ አለብን እኮ። ዛሬ ምን እንሥራ? ወንበር ነው ሣጥን?”

ልቅሶው ተቆራረጠ። “ሣ…ጥን።”

“ትልቅ ነው ትንሽ?”

“ትልቅ።”

“ለትልቅ ብዙ ሚስማር ያስፈልጋል። ቁጠርልኝ እስቲ።”

“አንድ፣ ሁለት፣ አምስት…”

“ወደ አምስት ዘለልክ መሰለኝ። ሦስትስ የት ሄደ?”

“ጠፋ፣” አለ ልጁ። ይህን ሲል ነርሷ ዘንጓን አስገብታ አዙራ አውጥታ ነበር። ጥጡ ቡናማና ቀይ ሆኖ ወጣ።

“ጎሽ!” አለች ነርሷ። ይህን ብላ ሳትጨርስ የልጁ ሆድ ከጠዋት ጀምሮ የዘጋውን በር ከፈተው። ግማሹ ፕላስቲኩ ላይ፣ ግማሹ በሙጫው ግራጫ ሱሪ ላይ።

“ዕቃውን! ዕቃውን አምጣ! ከፕላስቲኩ ላይ ነው፣ ከልብሱ እንዳትነካ!” አለች ነርሷ።

ሹፌሩ ከጠዋት ጀምሮ ከእጁ ያልለየውን ዕቃ ከፍቶ በሙጫው ጉልበቶች ፊት ተንበረከከና በተሰጠው ማንኪያ ይጨልፍ ጀመር። ሙጫው ከላይ ሆኖ፣ “ግድ የለም፣ ይታጠባል፣” እያለ ለሱሪው ለሚያዝኑለት ሁሉ ይመልሳል። ድንቡሼ ራሱን በደረቱ ላይ ጥሎ ዓይኑን ከደነ። ሹፌሩ ቀና ብሎ ይህንን አየ። እንዲህ ባለ ነገር ሰው ይቀናል ቢሉት ባላመነ ነበር፤ እሱ ግን በተበላሸ ሱሪው እንኳ ቀናበት።

ግሉኮሱ ተተከለ፤ መድኃኒቱም ተጀመረ። ሹፌሩ ናሙናዎቹን ራሱ ይዞ ወደ ላቦራቶሪ ወረደና በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀ። ወጣቱ ዓይኑን ማይክሮስኮፑ ላይ ተክሎ ብዙ ቆየ።

“አሜባ የለም፣” አለ በመጨረሻ። “ጃርዲያም የለም። የትል እንቁላልም አላየሁም።”

“ደግመህ እየው እስቲ።”

“ደግሜዋለሁ፤ ሌላ መስታወትም አዘጋጅቻለሁ። ነጭ የደም ሴል ግን ሞልቶታል፤ ቀዩም እንደዚያው። ባክቴሪያ ይመስለኛል። ከጥጡ የማሳድገው ካልቸር ይለየዋል።”

“ባክቴሪያ ከሆነ… መቼ የገባ ነው?”

“ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን። ካልታጠበ እጅ፣ ክፍት ከሆነ የመንገድ ምግብ። ከውሃም ሊሆን ይችላል። ማይክሮስኮፕ አድራሻ አያነብም እኮ ወንድሜ።”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። ሹፌሩ ከላቦራቶሪው በር ሳይንቀሳቀስ አርብ ቀትር ተመልሶ መጣበት። አውቶቡሶቹ ከሚነሡበት ቦታ ላይ ድንቡሼን መሪው ፊት አስቀምጦ ለባልደረቦቹ ሲያሳየው፣ “ቁርጥ አንተን!” ሲሉት። ከአጥሩ ሥር ሐብሐብ እየቆረጠች የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ዝንቡን በካርቶን ታባርራለች። ገና የሞተሩን ዘይት አይቶ እጁን በጨርቅ መጥረጉ ነበር። የሐብሐቡን ቀይ ሥጋ በጣቱ እየቆረሰ ሲያጎርሰው፣ ልጁ ጭማቂው በአገጩ እየወረደ፣ “ድገም! ድገም!” ይላል። ሲያጎርሰው ዋለ። በዚያ ሰዓት ሙጫው የሚባል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ከስንት ወራት ወዲህ ደስ ብሎት የዋለው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስለ ሐብሐቡ ለማንም አልተናገረም።

ድንቡሼ በማግስቱ፣ ሰኞ፣ ከክሊኒኩ ወጥቶ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ወደ ሙጫው ቤት ማለት ነው። ካልቸሩ ደረሰ የተባለ ዕለት ሹፌሩ ከሥራ እንደወጣ ክሊኒኩ ሄዶ ውጤቱን ተቀበለ። ሐኪሟ አስረዳችው፤ ባክቴሪያው ሺጌላ የሚባለው ነው፣ የታዘዘው መድኃኒት ይገድለዋል፣ መድኃኒቱ እስኪያልቅ እንዳይቋረጥ፣ እጅ መታጠብ እንዳይዘነጋ። አመስግኖ ወጣና በእግሩ ወደዚያ ሰፈር አመራ።

የግቢው በር ገርበብ ብሎ ነበር። ከመግባቱ በፊት የእናትየው ድምፅ ተቀበለው።

“ስንቴ ነገርኩህ? ስንቴ? ክዳኑን ግጠም፣ ክዳኑን ግጠም! ለሰው ቤት በር ስትገጥም ትውላለህ፤ የገዛ ቤትህ ታንከር ግን ለርግብ ገንዳ ሆነ! ልጄን ልትጨርሰው ነበር!”

“ልክ ነሽ፣” የሚል ድምፅ ከላይ መጣ። “ጥፋቱ የኔ ነው። ምንም አልልም።”

ሙጫው ጣሪያው ላይ ነው። የታንከሩን ውሃ አፍስሶታል፤ ግቢው ሁሉ ረጥቧል። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ግማሽ አካሉን ታንከሩ ውስጥ አስገብቶ በቡርሽ ይፈትጋል። አዲስ የተቆረጠ ክዳን አጠገቡ ተቀምጧል። ድንቡሼ በረንዳው ላይ ብርድ ልብስ ተደርጎለት ተቀምጦ፣ “አባዬ ውረድ! አባዬ ውረድ!” ይላል። ጉንጩ ጥቂት ተመልሷል። የገባውን ሰው አላየውም።

ሹፌሩ በረጠበው መሬት ላይ ቆመ። እንዲህ ያለ ቀን ስንት ጊዜ ተመኝቶ ነበር! ሰውየው ሲወቀስ፣ ሰውየው አንገቱን ሲደፋ፣ እሷም ከዚያ ወርቃማ ባሏ ላይ አንድ እንከን ስታገኝ። እነሆ፣ ሳይለፋ መጣለት። ቅናቱም የትም አልሄደም፤ ልጁ ወደ ጣሪያው ባንጋጠጠ ቁጥር ይነሣበታል።

“መጣህ?” አለች እናትየው ስታየው። ድምፅዋ ረገብ አለ። “ውጤቱስ?”

“ባክቴሪያ ነው። የታዘዘለት መድኃኒት ልክ ነው ብለዋል፤ ይገድለዋል።”

“ተመስገን። ከምን መጣ አሉ?”

የወጣቱ ቃል ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ከውሃም ሊሆን ይችላል። ውሸት አይደለም፤ የባለሙያ ቃል ነው። ይህችን ብቻ ቢል፣ ታንከሩ እንደሆነ መታጠቡ አይቀርም፣ መታጠብም ነበረበት። በሚመጣው ሳምንት ድንቡሼ እሱ ዘንድ ያድራል፤ ሙጫውም ይህንን ነገር ዕድሜ ልኩን ተሸክሞ ይኖራል። ሌላውን ከተናገረ ግን ምን እንደሚከተል ሐሙስ ዕለት ተነግሮታል።

“ከዚህ ከታንከሩ ነው አይደል?” አለች።

ላይ ያለው ሰው መልሱን ለመስማት ይመስላል፣ መፈተጉን አቆመ። ከታንከሩ አፍ ራሱ ወጣ፤ ፀጉሩ ረጥቧል፤ የሚወርድበትን ፍርድ አሜን ብሎ ለመቀበል የተዘጋጀ ፊት ነበር።

ሹፌሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ጣሪያው ድረስ እንዲሰማ።

“ታንከሩን ተዪው። አርብ ዕለት ከመንገድ ሐብሐብ ገዝቼ፣ ባልታጠበ እጄ አብልቼዋለሁ። እሱን አትቆጪው።”